ሽሮና ጾም፤ በማእድ ቤት የተጠበቀ ሃይማኖት

ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀን፣ ቅዳሴ በዘጠኝ ሰዓት አልቆ ካህኑ ሕዝቡን በሰላም ካሰናበተ በኋላ፣ አንዲት እመቤት ነጠላዋን እንደ ተከናነበች ወደ ቤቷ ገብታ፣ የተዳፈነውን እሳት ቆስቁሳ፣ ድስቱን ጥዳ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በግራ እጇ እየነሰነሰች በቀኝ እጇ ስታማስል ያየ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤተ ሰቡ በገበታው ዙሪያ ተሰብስቦ «በስመ አብ» ሲል ስለሚሰማ፣ ይህን የመሰለ ቀላል ምግብ የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይህ ቀላልነት የዚያች ዕለት ብቻ ነው። ድካሙ ከወራት በፊት በበጋው ፀሐይ፣ በምጣዱ ጢስና በወፍጮው ድንጋይ ላይ አስቀድሞ ተከፍሏል። የጾማችን ታሪክ ሲነገር ስለ ገዳማውያን ትሩፋት፣ ስለ ጻድቃን ገድልና ስለ ነገሥታት ዐዋጅ ብዙ ተጽፏል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም የገበሬው፣ የሸማኔውና የነጋዴው ቤት የዓመቱን እኩሌታ ያህል ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ፣ ከሥራውም ሳያቋርጥ፣ ይህን ሥርዓት ከአባት ወደ ልጅ እያሳለፈ እንዴት ሊዘልቅ ቻለ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሚገኘው ከብራናው ይልቅ ከጓዳው ነው። ጾምን የደነገገው ቤተ ክህነት ነው፤ በየቤቱ እንዲቻል ያደረገችው ግን የቤት እመቤት ናት ብል ድፍረት አይመስለኝም።

ሕጉ ከባድ ነው። በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ አዘጋጅቶት ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ዐሥራ አምስተኛውን አንቀጽ ለጾም ሰጥቶታል። የረቡዕና የዓርብ ጾም ግን ከዚህ መጽሐፍ እጅግ የሚቀድም፣ ከጥንተ ክርስትና የተወረሰ ነው፤ በረቡዕ አይሁድ በጌታ ላይ የመከሩበት፣ በዓርብ የተሰቀለበት ይታሰባል። በዚህ ላይ ከነሕርቃሉ ሱባኤና ከነሰሙነ ሕማማቱ 55 ቀን የሚሆነው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የሚዘልቀው ጾመ ነቢያት፣ ቀኑ ከፋሲካው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው የሰኔ ጾም፣ የነሐሴ ፍልሰታ፣ የነነዌ ሦስት ቀንና ገሃድ ሲጨመሩ፣ አንድ ምእመን ከዓመቱ 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ካህንና መነኩሴ ከዚያ ይበልጣል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ኀምሳ ቀን ብቻ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ይፈሰክበታል።

በዋልድባ የሚኖሩ አባቶች እህል የሚባል ነገር ትተው በቋርፍ ብቻ ይኖራሉ። ለእነርሱ ጾም የሕይወታቸው መንገድ ስለ ሆነ ሁለመናቸው ለዚያ የተዘጋጀ ነው። እርፍ ጨብጦ ከበሬ ጋር የሚውለው ገበሬ፣ እንስራ አዝላ ከወንዝ የምትወጣው ሚስቱ፣ እረኛው ልጃቸው ግን ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ያስፈልጋቸው ነበር። እግዚአብሔርም ይህን ምግብ ከደጋውና ከወይናደጋው ዐፈር አላጎደለውም። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ስሙ ከታወቀው የሮሃ ደብር ጋር ቢመሳሰልም ቦታው ሌላ ነው) የታሪክ ተመራማሪዎች ቆፍረው ያወጡት የሽምብራ፣ የባቄላና የገብስ ቅሪት ከልደተ ክርስቶስ በፊት ወደ 500 ዓመት ገደማ የሚቆጠር ነው። እንግዲህ ወንጌል ወደዚህ አገር ሲገባ ሽምብራው በማሳው፣ ባቄላው በጎታው ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። አዲሱ ሃይማኖት ለጾሙ የሚሆን አዲስ እህል ማምጣት አላስፈለገውም፤ የቆየውን እህል ባረከው።

ጥንታዊው የጾም ወጥ ግን ዛሬ የምናውቀውን መልክ አልያዘም ነበር። ያለ በርበሬ ሽሮን ለማሰብ የሚቸገር አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ነገር ግን በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ስለ ሆነ፣ ኮሎምቦስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በአክሱምም በሮሃም የቀላ ወጥ አልነበረም። የዚያ ዘመን እመቤት ወጥዋን የምታሳምረው በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥምዝና በሰናፍጭ ሊሆን ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦና በሰናፍጭ ተሰንጎ ቀን ቆጥሮ የሚኮመጥጠው ስልጆ፣ እንደዚሁም ምስሩ ተቀቅሎ በሰናፍጭ የሚለወሰው አዚፋ፣ ከዚያ ከበርበሬ በፊት ከነበረው የጾም ገበታ የተረፉ ናቸው። አፍንጫን የሚሰነፍጠውን ያን ስልጆ በሁዳዴ የቀመሰ ሰው ከአያት ቅድመ አያቶቹ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጧል።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የኢትዮጵያውያን ሁዳዴ ከእርሱ አገር ሰዎች ጾም ቀድሞ እንደሚገባና ሕዝቡ አብዛኛውን ጊዜ በእንጀራና በውሃ እንደሚጾም እየተደነቀ ጽፏል። ያ የሩቅ አገር ካህን ያየው ጥብቅነት እውነት ነው፤ ወደ ጓዳ ግን አልገባም፤ ሊገባም አይችልም ነበር። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ኑጉን፣ ተልባውንና ሱፉን ያይ ነበር። ቅቤ ሲከለከል ወጡን የሚያለሰልሱት እነዚህ ናቸውና። የፋብሪካ ዘይት በቆርቆሮ ከመምጣቱ በፊት ተልባው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፤ ሱፉ ይታመስና በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ፣ በጨርቅ ሲጠለል እንደ ወተት የነጣ ውሃ ይወጣዋል። ሕፃናት ወተት በቀረባቸው ሰሞን ይህን የሱፍ ውሃ በፍትፍት ሲያገኙት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከቀበሌው እናቶች አንዷ «የጾም ላማችን» ስትለው በልጅነቴ ሰምቻለሁ።

ወደ ሽሮው ልመለስ። በቡልጋ ባደግሁበት ቤት ጥር ሲገባ ግቢው ሁሉ ማስጫ ይሆን ነበር። ጊዜው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥራጥሬው ከአውድማ የሚገባው በታኅሣሥና በጥር ነው፣ ፀሐዩም ያን ጊዜ የታመነ ነው፣ ሁዳዴ ደግሞ በየካቲት ወይም በመጋቢት መግቢያ ይይዛል። እናቴ አተሩንና ሽምብራውን በሰፌድ ይዛ ከደጃፍ ተቀምጣ ትለቅማለች፤ ጠጠሩንና ነቀዝ የበላውን ለይታ ትጥላለች። የተለቀመው ታጥቦ በሰሌን ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በምጣድ ይታመሳል። ይህ ማመስ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ጥቂት ካነሰው ሽሮው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጥቂት ከበዛበት ይመራል። እናቴ መድረሱን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋና በአፍንጫዋ ነበር፤ ፍሬው በምጣዱ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ሲለወጥ እሳቱን ከሥር ትጎትተዋለች። ከዚያ በወፍጮ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፣ ክኩ ብቻ ይቀራል።

ቅመሙ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል፤ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ድምብላሉና ጨው በየልካቸው ይጨመራሉ፤ ሁሉም ከክኩ ጋር ታሽቶ እንደገና ፀሐይ ይመታል፣ ከዚያ ይፈጫል። ይህ ነው ሚጥን ሽሮ የሚባለው፤ መጥኖ የሚያውቀውም የመጣኟ እጅ ብቻ ነው። ሚዛን አልነበረም፣ የተጻፈ ልክ አልነበረም፤ እፍኝና ጥፍር ነበር መለኪያው። የሁለት ጎረቤታሞች ሽሮ እንኳ አንድ ዓይነት አይወጣም ነበር፤ እኛ ልጆችም በማን ቤት እንደ በላን ዓይናችን ቢጨፈን በጣዕሙ እናውቀው ነበር።

ሽሮው በገንቦ ወይም በቅል ተከድኖ ከተቀመጠ በኋላ ግን ዓመቱን ሁሉ ቤቱን ያኖራል። የነሐሴን ክረምት ያሰበ ሰው የዚህን ጥቅም ይረዳዋል፤ ፍልሰታ የሚይዘው ዝናቡ በበረታበት፣ እንጨቱ በረጠበበት፣ የቀደመው ምርት በተመናመነበትና አዲሱ ባልደረሰበት ወር ነው። በዚያ ወር የሚሰጥበት ፀሐይ፣ የሚታመስበት ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል? በጥር ፀሐይ የደረቀው ዱቄት በነሐሴ ጭጋግ ይበላል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጾመው የሚቆርቡባት ያች የእመቤታችን ሱባኤ በየቤቱ የምትከበረው በዚህ ስንቅ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ባሕረ ሐሳብ በሊቃውንቱ ብራና ላይ እንደ ተጻፈ ሁሉ፣ በእናቶችም ልብ የሽሮ ባሕረ ሐሳብ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም ነበር።

የጾሙ ቀንና የጾሙ ገበታ ምን ያህል ከሕዝቡ ልብ እንደ ተጣበቀ ከታሪክ አንድ ነገር አንሥቼ ላሳይ። ዐፄ ሱስንዮስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1620ዎቹ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም መጥቶ ሥርዓቱን ሁሉ እንደ ሮማ ሊያደርግ በተነሣ ጊዜ፣ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ የረቡዕ ጾም ወደ ቅዳሜ መዛወሩ ነበር። ለሩቅ ሰው ይህ ከአንድ ቀን ወደ ሌላ ቀን መሻገር ሊመስለው ይችላል። ለኢትዮጵያዊው ግን ሁለት ቊስል ነበር፤ ረቡዕን መፈሰክ የአባቶችን ጾም መሻር ነበር፣ በቅዳሜ መጾም ደግሞ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የተሰደዱላትን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያጸናላትን ቀዳሚት ሰንበት መሻር ነበር። ዐመፁ እየበረታ ደም እየፈሰሰ ሲሄድ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡን ለማብረድ ከፈቀዷቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ፣ የወደደ ሰው በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕን እንዲጾም ነበር። ፈቃዱ ዘግይቶ መጣ፤ በ1632 ሱስንዮስ የቀደመችውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ባሕርይና ስለ ቅብዐት የተደረገውን ክርክር በሰፊው ያትታሉ፤ ምሥጢሩ ታላቅ ነውና አይነቀፉም። እኔ ግን ያን ክርክር ሰምታ የማታውቅ አንዲት ገበሬ ሴት ረቡዕ ጠዋት ቅቤ ከወጥ እንድትጨምር በታዘዘች ጊዜ የተሰማትን አስባለሁ። ሃይማኖቷ የተነካባት ከእጇ ላይ ነው።

የሃይማኖት እጅ በጓዳ ውስጥ የሚሠራው በጾም ቀን ብቻ አልነበረም። ሊጡ ሲቦካ በላዩ በጣት መስቀል ይማተባል፤ ምጣዱ ሲሰማ «በስመ አብ» ተብሎ የመጀመሪያው እንጀራ ይጋገራል፤ ገበታው ሲቀርብ አባት ወይም በቤቱ የተገኘው ካህን ባርኮ ይቆርሳል፤ ሲነሣም ማዕዱን የሰጠ አምላክ ይመሰገናል። በጾም ቀን ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የምታበስል ሴት የወጡን ጨው መቅመስ አይገባትም ነበር። እናቴ ማማሰያውን ከድስቱ አውጥታ፣ እንፋሎቱን ወደ አፍንጫዋ አቅርባ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ትቆይና «ጨው ይጎድለዋል» ትል ነበር። ሲያጠራጥራት ለመጾም ያልደረሰውን ታናሽ ወንድሜን ጠርታ ከእጁ መዳፍ ላይ ጠብ ታደርግለታለች፤ እርሱም እንደ ዳኛ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይቀምስና ፍርዱን ይሰጣል። እኔ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ይህ ሹመት ከእኔ ወደ እርሱ ተላልፎ ነበር፤ ቀማሽነቴ ቀርቶ ጿሚ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ትምህርተ ሃይማኖትን ኋላ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ተምሬአለሁ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ግን የተማርሁት ከምድጃው አጠገብ ነው።

ሰዓቱም በዘፈቀደ አይወሰንም ነበር። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን የደብሩ ሊቅ ጥላውን በእግሩ እየሰፈረ ጊዜውን ያውቅ ነበር፤ በየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሚሆን ተቆጥሮ በብራና ተጽፏል። ደወሉ ሲደወል በየቤቱ ሰሌኑ ይነጠፋል፣ ሞሰቡ ይከፈታል። ሽሮውም የሚጣደው ይህን ደወል ታሳቢ አድርጎ ነው።

ከጾም ምግቦች ሁሉ ለአዘገጃጀት የሚቀለው፣ ምሥጢሩ ግን የጠለቀው፣ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ነው። የተከካ ባቄላና ስንዴ አብሮ ይቀቀላል፣ ጨው ይገባበታል፤ ሌላ ነገር የለውም። አባቶች ሲያስተምሩ፣ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ አብስለውና አለስልሰው ለመብላት ጊዜ ያላገኙበትን ያስታውሳል ይሉናል፤ የጨዉ መብዛትም የሕማማቱን ኀዘን ያሳስባል። በዚያች ዕለት ባለጠጋውም ድኻውም አንድ ዓይነት ቅል ይዘው ከአንድ ዓይነት ጉልባን ይዘግናሉ። በዓርብ ስግደት ጉልበታቸው የሚብረከረከውን ሁሉ ያቆማቸው የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ነው።

ይህን ሁሉ ሳወድስ የተከፈለበትን ዋጋ መሸሸግ አልፈልግም። የሞተር ወፍጮ በየአውራጃው ከመግባቱ በፊት ሽሮውን የፈጨው የሴት ክንድና ጉልበት ነው፤ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፣ በመጁ ላይ ተደፍታ፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ የምትፈጨው እናት መዝሙረ ዳዊት ከሚደግመው መነኩሴ ባላነሰ ትተጋ ነበር። ድኻው ቤትም አተሩና ሽምብራው ሲያልቅበት ሽሮውን ከጓያ ያዘጋጅ ነበር፤ ጓያ ድርቅ ሲመጣ ብቻውን የሚተርፍ ደግ እህል ቢሆንም፣ ለብዙ ወር ብቻውን የተበላ እንደ ሆነ እግርን አሥሮ ያስቀራል። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ በዚህ ምክንያት በምርኩዝ የቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያደረጉትን ግብር ከነወጡ ዓይነት በዝርዝር ጽፈው ስላቆዩልን ልናመሰግናቸው ይገባል። የፍስኩ ግብር ጸሐፊ አገኘ። የጾሙ ሽሮ ግን ጸሐፌ ትእዛዝ አላገኘም፤ ብዙኃኑን ሕዝብ ያኖረው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ልኩና ሥርዓቱ በእናቶች አፍና እጅ ብቻ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ኑሮው ተለውጧል። ሽሮ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል፤ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቤሩትና ወደ ዱባይ የሚሄድ ልጅ ሻንጣው ሲከፈት ከልብሱ ሥር እናቱ ያሰናዳችለት ሽሮና በርበሬ ይገኛል። በባዕድ አገር ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ረቡዕ ማታ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሽሮውን አንተክትኮ ጾሙን የሚጠብቀው፣ በጥር ፀሐይ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የለቀመችለት እናት ስለ አለች ነው። ይህችን እናት ያደለህ አንባቢ ሆይ፣ በመጪው ጥር ሽሮዋን ስታሰናዳ አጠገቧ ተቀመጥ፤ እፍኟን በሚዛን ስፈር፣ የእያንዳንዱን ቅመም ልክ በወረቀት ጻፍ፣ የጻፍህበትንም ቀን ከነስሟ አኑርበት።